ናፍጣ የሚረጋበት አገር

ከተመለስኩ ወዲህ ልደታ ማርያም ደጅ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ «ብርዱ እንዴት ነበር?» ይለኛል። ልነግረው እጀምርና መሃል ላይ እተወዋለሁ፤ በአፍ የሚያልቅ አልሆነልኝም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። የጻፍኩት ለእድራችን ሰዎችና ለጌጃ ሰፈር ጎረቤቶቼ ነው፤ ይልቁንም ደግሞ ከእኔ ጋር በጅቡቲ መስመር ላይ ላረጁ ሾፌሮች። እነሱ እዚያ አገር የሚሄዱበት ምክንያት የላቸውም። እኔም አልነበረኝም።

ዕድሜዬን ተሳቢ ስነዳ ነው የኖርኩት። ናፍጣ አውቃለሁ ብዬ አምን ነበር። ለእኔ ናፍጣ ያው ናፍጣ ነው፤ ማደያ ትገባለህ፣ ሰልፍ ካለ ትሰለፋለህ፣ ከተገኘ «ሙላው» ትላለህ። አዋሽ ሐሩር ውስጥ የሚነዳህ ናፍጣ ጣርማ በር ላይ በጉም መሃል የሚነዳህ ራሱ ነው። ናፍጣ የበጋና የክረምት አለው ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እየቀለደብኝ ነው እል ነበር።

የሄድኩት ለታናሽ ወንድሜ ልጅ ሠርግ ነው። ወንድሜ ግርማ ገና በጎረምሳነቱ ለትምህርት ወደ ሶቭየት ኅብረት ተላከ፤ የደረሰው ደግሞ ዛሬ ካዛኪስታን በሚባለው አገር ነበር። እዚያው ተማረ፣ የአገሩን ልጅ አገባ፣ እዚያው ቀረ። ሁለት ጊዜ መጥቶ ጠይቆናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ልቡ ድንገት ቀጥ አለና ሞተ፤ እኛም ሬሳ ሳናይ፣ አፈር ሳናለብስ፣ ጌጃ ሰፈር ድንኳን ጥለን አለቀስን። የተወው አንዲት ሴት ልጅ ነው። ስሟን ልደታ ብሎ አወጣላት። የአገሬው ሰው ግን ሊዳ ይላታል፤ የራሳቸው ስም ይመስላቸዋል።

ኅዳር ላይ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ላገባ ነው» አለችኝ። «እዚህ አገር ሴት ልጅ ከአባቷ ቤት ስትወጣ የአባቷ ወገን መርቆ ይሸኛታል። የአባቴ ወገን ደግሞ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ስልኩን ይዤ ባለቤቴን አየኋት። የተባለውን ሰምታለች። «ትሄዳለህ» አለችኝ። ልጆቼ ቲኬቱን ተያያዙት።

ረቡዕ

የሄድኩት ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። ከመርካቶ ልባሽ ተራ ወፍራም ካፖርት ገዝቼ ነበር፤ ቤት ውስጥ ለብሼው ስቆም ልጆቼ ሳቁብኝ፣ እኔም አላበኝ። ባለቤቴ ዳቦ ቆሎና በሶ ቋጠረችልኝ፣ ሁለት ጋቢም ጨመረችልኝ። አንዱ ለሙሽራዋ ነው፤ ሁለተኛውን «አንተው ልበሰው» አለችኝ። ካፖርት እያለኝ ጋቢ ምን ይሠራልኛል ብዬ ነበር።

በዱባይ በኩል ነው የሄድኩት። ዱባይ ላይ ካፖርቱን በእጄ አንጠልጥዬ ስሄድ ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር። ሁለተኛው አውሮፕላን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት ሴት ጫማዬን ዝቅ ብለው አዩት፣ ቀና ብለው ፊቴን አዩኝ፣ ከዚያም ከቦርሳቸው ወፍራም የሱፍ ካልሲ አውጥተው ጭኔ ላይ አኖሩልኝ። በምን ቋንቋ ላመስግናቸው? ጎንበስ አልኩ። እሳቸውም ጎንበስ አሉ።

ሐሙስ

አስታና ስደርስ ነግቷል። ከአየር ማረፊያው በር ስወጣ የመጀመሪያውን አየር ሳብኩና ቆምኩ። አፍንጫዬ ውስጥ አንድ ነገር ጨመደደኝ። የአፍንጫ ፀጉር በረዶ ሆኖ ይደርቃል ብሎ የነገረኝ የለም። ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ የወረደበት ማለዳ መኪና አስነስቼ አውቃለሁ፤ ያ ብርድ ከውጭ መጥቶ ይነካሃል። ይሄኛው ግን ገና ስትተነፍስ ውስጥህ ገብቶ ይቀመጣል።

ሊዳ ከርቀት አወቀችኝ። እኔም አወቅኋት፤ የእናታችን ግንባር ነው ያላት። አቀፈችኝና «እንደምን ሰነበቱ ጋሼ፣ መንገድ አላደከመዎትም?» አለችኝ። ድምፁ የእሷ ነው፣ አማርኛው ግን የወንድሜ ነው። ለዚያውም የዛሬ አማርኛ አይደለም፤ ግርማ ከአዲስ አበባ የወጣ ጊዜ የነበረው ነው። ቆንጆ ለማለት «ሸጋ» ትላለች። ገና መኪናው ጋ ሳንደርስ «ከጠመንጃ ያዥ ወደ ልደታ ሲወርዱ ያለው ዳቦ ቤት አሁንም አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። እግሯ አዲስ አበባን አልረገጠም። ዳቦ ቤቱ ፈርሶ ቦታው ላይ ኮንዶሚኒየም እንደቆመ ስነግራት ልክ እንደሚያውቀው ሰው አዘነች።

የሚወስደን የእናቷ ወንድም ነው፤ ዳውሬን ይባላል። ዕድሜው የእኔ እኩያ ነው፣ ቁመቱ ግን በር ይሞላል። የሚኖረው በስተደቡብ፣ ብርዱ ቀለል በሚልበት በኩል ሲሆን ለሠርጉ ብሎ የራሱን የናፍጣ ሚኒባስ ነድቶ መጥቷል። መንገድ ላይ ነዳጅ ባጣስ ብሎ በጄሪካን የቤቱን ናፍጣ ጭኗል። ጄሪካኖቹን ሳይ ደስ አለኝ። የትም አገር ይሁን ሾፌር ሾፌር ነው።

ከከተማ ሳንወጣ ማደያ ገባን። የናፍጣው መቅጃ ሁለት ነው፤ ሁለቱም ላይ የተለያየ ጽሑፍ አለ። ሊዳን ምን እንደሚል ጠየቅኋት።

«ይሄኛው የክረምት ናፍጣ ነው ጋሼ። ያኛው ደግሞ የአርክቲክ፤ በጣም በጣም ለሚበርድ ጊዜ ነው።»

«የበጋውስ?»

«የበጋው አሁን አይሸጥም። ደቡብ ካልሆነ።»

ሳቅሁ። ናፍጣ እንደ ሰው ልብስ ይቀይራል ማለት ነው አልኩ። ሊዳ ስትተረጉምለት ዳውሬንም ሳቀ፤ ከዚያ የክረምቱን መዞ ከደቡብ ይዞት በመጣው የበጋ ናፍጣ ላይ ግማሽ ያህል ቀዳ። የአየር ትንበያው ብርዱ መካከለኛ ነው ብሏል፣ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ይበቃል አለ። እኔም አንገቴን ነቀነቅሁ። ስለ ናፍጣ የሚጠይቀኝ ቢኖር የምመልሰው ያንኑ ነበር።

ያን ቀን አስታና አደርን። የእንግዳ ማረፊያው ክፍል እንደ ሚሌ ይሞቃል፤ በካናቴራ ሆኜ በድርብ መስተዋት በኩል በካፖርት የተጠቀለለውን መንገደኛ አይ ነበር። ለእራት የፈረስ ሥጋ ቀረበ። እኔ በፈረስ የሚምል ቤተሰብ ልጅ ነኝ፣ እንዴት እበላለሁ? ዳውሬን ቅር ሳይለው ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበና ለእኔ ዓሣ አዘዘልኝ።

ዓርብ

ማለዳ ወደ ሰሜን ተነሣን። የሊዳ እናት ያለችበት ከተማ እስከ ማታ ይደረሳል፣ ሽኝቱ በማግስቱ ከሰዓት ነው።

ሜዳውን እንዴት ልንገራችሁ? ከሚሌ እስከ ጋላፊ ያለውን የምታውቁ፣ ያንን ሜዳ አስቡት፤ ተራራ የሌለበት፣ ዓይን የሚያርፍበት የሌለ። ከዚያ ሁሉንም ነጭ አድርጉት። መንገዱና ሜዳው የሚለየው ዳርና ዳር በተተከሉ እንጨቶች ብቻ ነው። እኛ አገር እንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ፍየል አለ፣ ጀልባብ የለበሰች ሴት ጄሪካን ይዛ ቆማ ታያለህ። እዚህ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ከነፋሱ በቀር ድምፅ የለም።

እኩለ ቀን ሲያልፍ ሰማዩ ጥርት አለ። እኔ ፀሐይ ወጣች ብዬ ደስ ሲለኝ ዳውሬን ግን ፊቱ ተለወጠ። እዚያ አገር ደመና ብርድ ልብስ ነው፤ ሲገፈፍ ብርዱ ይወርዳል። ሊዳ በጣቷ አመለከተችኝ፤ ቀና ስል ሦስት ፀሐይ አየሁ። አንዷ መሃል፣ ሁለቱ በግራና በቀኝ፣ በቀለበት የተያያዙ። አማተብኩ። ሊዳ አየሩ ውስጥ ያለው የበረዶ ብናኝ ብርሃኑን ሲሰብረው ነው አለችኝ። ይሁን። እኔ ግን ፊቴን መስኮቱ ላይ ለጥፌ አየኋቸው። በዚያች ሰዓት ብሞት እንኳ ያየሁትን አይቻለሁ የሚል ነገር ተሰማኝ።

ዳውሬን ቆሞ የቤቱን ናፍጣ የያዙትን ሁለቱን ጄሪካን ወደ ሚኒባሱ ገለበጠ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልሄድንም። መጀመሪያ የሰማሁት እኔ ነኝ፤ ሞተሩ ደህና ሲሠራ ቆየና ትንሽ አመነታ፣ ከዚያ ተመለሰ፣ ደግሞ አመነታ። የለመደ ጆሮ ይህን ያውቀዋል።

«ናፍጣ አጠረው» አልኩ። ሊዳ ሳትተረጉም ዳውሬን ገባው። በእግሩ ነዳጅ መስጫውን ቢጫንም ፍጥነቱ እየወረደ ሄደ። በመጨረሻ ሞተሩ አንዴ ተንገጫግጮ ጠፋ። ማሞቂያውም አብሮት ጠፋ።

ወርደን ኮፈኑን ከፈትን። ፊልትሮውን ሲፈታው ተጠግቼ አየሁ። የሸማቾች ዘይት በሐምሌ ብርድ እንዴት እንደሚረጋ ታውቃላችሁ አይደል? ማንኪያ ካልገባበት አይወጣም። ናፍጣው እንደዚያ ነበር፤ እንደ ሞራ ነጥቶ ፊልትሮውን ደፍኖታል። ሠላሳ ዓመት ናፍጣ እጄን ሲያጥበው ኖሯል፣ እንዲህ ሆኖ ግን አይቼው አላውቅም። መፍቻ ላቀብል ብዬ ጓንቴን አወለቅሁ። ብረቱ ከጣቶቼ ጋር ተጣበቀ፤ ስስበው ቆዳዬን ይዞ ቀረ። ዳውሬን በሁለት እጁ ጣቴን ጨምቆ ይዞ ወደ መኪናው ገፍቶ አስገባኝ።

መለወጫ ፊልትሮ ይዞ ነበር፣ ቢለውጠውም የሚመጣው ናፍጣ ያው የረጋው ነው። የዳውሬን ስልክ ኔትወርክ የለውም። የሊዳ ስልክ ደግሞ ብርዱ ባትሪውን በልቶት ጠፍቷል። ፀሐይዋ ወደ ሜዳው ጠርዝ እያዘነበለች ነው። መስተዋቱ ከውስጥ በኩል፣ ከገዛ ትንፋሻችን፣ በረዶ ማብቀል ጀመረ።

ሦስታችን ኋላ ወንበር ላይ ተጠጋግተን ተቀመጥን፤ ሊዳ መሃል። ሁለቱንም ጋቢ አወጣሁና ለእሷ ደረብኩላት። እንድትተኛ አልፈለግሁም፤ እንቅልፍ ሲመጣ አደጋ እንደሆነ ዳውሬን በምልክት ነግሮኛል። እሷም ገብቷታል።

«ጋሼ፣ አባቴ ልጅ ሆኖ እንዴት ነበር?» አለችኝ።

ነገርኋት። የአባታችንን ሬዲዮ ፈትቶ መልሶ ሲገጥመው ሦስት ብሎን እንደተረፈው፣ ሬዲዮው ግን እንደ ድሮው ሲናገር አባታችን መምታቱንም ማመስገኑንም አጥቶ እንደቆመ። የክረምት ጎርፍ የጎረቤት ዶሮ ሲወስድ ዘሎ ገብቶ ዶሮዋን አውጥቶ ጫማውን እንዳስወሰደ። ሳቀች። ከንፈሯ ስለደነዘዘ ሳቁ ተሰባበረ። እኔ እያወራሁ ልቤ ውስጥ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ ወንድሜን ሳልቀብር ቀረሁ፣ አሁን ልጁ ክንዴ ላይ ትቀዘቅዛለች። ልደታ ማርያምን ለመንኳት። ዳውሬንም በራሱ ቋንቋ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር።

ብርሃን የመጣው ከኋላችን ነው። ድርቆሽ የጫነ ትራክተር ነበር። የሚነዳው ሰውዬ ምን ሆናችሁ ብሎ አልጠየቀም፤ ወርዶ በሩን ከፈተ፣ ፊታችንን አንድ በአንድ በባትሪ አየ፣ ሊዳን አንሥቶ ትራክተሩ ጋቢና ውስጥ አስገባት። ከዚያ እኔን። ሚኒባሱን በሰንሰለት አስሮ ዳውሬንን መሪው ላይ አስቀመጠና ጎተተን።

ሰውዬው ቃይራት ይባላል፣ ፈረስና ከብት አርቢ ነው። ቤቱ ከመንገዱ ገባ ብሎ ነው፤ ከበረዶው በላይ ጣሪያው ብቻ ይታያል። ሚስቱ እንደገባን ጫማዬን አወለቀችና እግሬን ከጭኗ ላይ አድርጋ በሱፍ ታሸው ጀመር። የማላውቃት ሴት እግሬን ስታሽ አፈርኩ፤ እግሬን ልስብ ብል ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። የተላጠውን ጣቴንም ስብ ቀባችልኝ።

ወዲያው ጠረጴዛው ሞላ፤ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተት የበዛበት ሻይ። ርቦኛል፣ ግን ዓርብ ነው። ከሞት ያወጣኝን ሰው ምግብ እንዴት እምቢ እላለሁ ብዬ ተጨነቅሁ። ሊዳ አይታኝ ለሴትዮዋ ነገረቻት። ሴትዮዋ አንድ ነገር ተናግራ ከፊቴ ያለውን አነሣች። ተቀየመች ብዬ ሳስብ የተቀቀለ ድንች፣ ወተት የሌለው ሻይና በዘይት የተጠበሰ ባውርሳክ የሚሉትን ይዛ ተመለሰች፤ ባውርሳክ ማለት ቦምቦሊኖ ነው፣ ስኳር ብቻ የለውም።

«ምን አለች?» አልኩ።

«‹እኛም እንጾማለን፣ የጾመ ሰው አይለመንም› አለች» አለችኝ ሊዳ።

ስንሞቅ ቃይራት ወደ መኪና ቤቱ ወሰደን። ምድጃ ያለበት ትልቅ ቤት ነው፤ ሚኒባሱ ውስጡ ቆሞ ውኃ ያንጠባጥባል። ጥግ ላይ ሦስት በርሜሎች ተደርድረዋል፣ በእያንዳንዳቸው ላይ አንድ አንድ ፊደል ተጽፏል። የበጋ፣ የክረምት፣ የአርክቲክ። ናፍጣ ውስጥ ሰም አለ አለን፤ ሲበርድ ያ ሰም ይረጋል። የክረምቱ ሰሙ የተቀነሰለት ነው፣ የአርክቲኩ ደግሞ ይበልጥ። የበጋውን ከክረምቱ ስትቀላቅል ደህናው መጥፎውን አያድነውም፣ መጥፎው ደህናውን ይዞት ይረጋል አለ። በተለይ ደግሞ ከረጋ በኋላ ምን ቢጨምሩበት አይመለስም፤ ማሞቅ ብቻ ነው።

ዳውሬን ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ዝግ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ተናገረ። ሊዳ ለመተርጎም ዘገየች።

«‹የእህቴን ልጅ በሠርጓ ዋዜማ ልገድላት ነበር› ይላል።»

«ንገሪው» አልኳት። «እኔ ብሆን ጄሪካኑን ካንተ ቀድሜ እገለብጠው ነበር በይው።» ነገረችው። መጥቶ ትከሻዬ ላይ እጁን አሳረፈ፣ ለረጅም ጊዜም አላነሣውም።

ከመተኛታችን በፊት ቃይራት ሦስት የመስተዋት ማሰሮ አመጣ። በአንዱ ከሚኒባሱ የተቀዳውን፣ በሁለተኛው የክረምቱን፣ በሦስተኛው የአርክቲኩን ሞልቶ በመስኮቱ በኩል ውጭ ደረደራቸው። «ነገ ራሳችሁ ታያላችሁ» አለ።

ቅዳሜ

ስነሣ ልብሴን ሳልቆልፍ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ቃይራት ማሰሮዎቹን ወደ ውስጥ አስገብቶ ጠረጴዛ ላይ አኖራቸው። የእኛን ናፍጣ አንሥቶ ገለበጠው፤ አንዲት ጠብታ አልወጣችም። እንደ ሻማ ነጭ ሆኗል። የክረምቱ እንደ ጠላ ደፍርሶ የማሰሮው ግድግዳ ላይ ጭጋግ ይዟል፤ ይፈሳል፣ ግን በዝግታ። ሦስተኛውን ሲያነሣው ከኋላው የቃይራት ጣቶች ጥርት ብለው ታዩኝ። የምንጭ ውኃ ይመስላል። ሌሊቱን ያ ሁሉ ብርድ ሲያልፍበት ምንም እንዳልነካው ሆኖ አደረ።

ሦስቱም ናፍጣ ናቸው። ብነካቸው፣ ባሸታቸው ልለያቸው አልችልም ነበር። ሌሊቱ ብቻ ለያቸው። እግዚአብሔር ምድርን ስንት ዓይነት አድርጎ እንደፈጠራት፣ ሰውም በእያንዳንዷ ላይ እንዴት ኖሮ እንደሚያድር ለማወቅ አንድ ማሰሮ ናፍጣ በቃኝ።

ቃይራት ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎ ሾፌር ነዎት፣ የቱን ልቅዳላችሁ?» አለኝ በሊዳ በኩል።

ሦስተኛውን አመለከትኩ። መኪና ቤቱ ገብተን ቃይራት በርሜሉን ሲያንኳኳው ግን ድምፁ ባዶ ሆነብኝ፤ ብዙ አልቀረውም። ለትራክተሩ ያስቀመጠው ነበር፣ ለከብቶቹ ድርቆሽ የሚያመላልሰው በእሱ ነው። ይህን ሳውቅ «ተወው፣ የክረምቱ ይበቃናል» አልኩ። ቃይራት እምቢ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ዛሬ ከትናንት ይብሳል አለ፤ ለከብቶቹ ፈረስና ተንሸራታች ጋሪ አለው፣ ሙሽራዋ ግን ሌላ ቀን የላትም።

ሚኒባሱ ሙቀት ውስጥ ስላደረ የረጋው ቀልጦ ነበር። ጠቅላላውን አወረዱት። ቃይራት የእኛን ናፍጣ በበጋው በርሜል ውስጥ ገለበጠው።

«ተበላሽቷል አይደል?» አልኩ።

«አልተበላሸም» አለ። «ጊዜው አይደለም እንጂ። ሣር ሲታጨድ እነዳበታለሁ።»

አዲሱ ፊልትሮ ገባ፣ ጥርት ያለው ናፍጣ ተቀዳ፣ ዳውሬን ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ባንድ ጊዜ ተነሣ። ያን ድምፅ ስንት ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ቆሜ አዳምጬው አላውቅም። የቃይራት ሚስት ከሱፍ የተሠራ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጫማ አጠለቀችልኝ፣ የእኔን ጫማ ደግሞ በፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ። እኔም ዳቦ ቆሎዬን ከነቋጠሮው ሰጠኋት። አንዱን ፍሬ ነክሳ ስትስቅ ተለያየን።

መንገዱን ሙሉ ሞተሩ አንዴም አላመነታም። መኪናው ላይ ያለው መለኪያ ከዜሮ በታች ሠላሳ ምናምን ሲል ሊዳ እያነበበች ትነግረኝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ መናገሩን ተወችው። ከከተማው መግቢያ ሳንደርስ ዳውሬንን አቁም አለችው።

«ጋሼ፣ አባቴ እዚህ ነው» አለችኝ።

ሞተሩን ሳናጠፋ ወረድን። መቃብሩ ከመንገዱ ብዙ አይርቅም፣ ዳውሬን በአካፋ በረዶውን እየጠረገ ቀደመን። ድንጋዩ ላይ የወንድሜ ፎቶ አለ፤ ሸምግሏል። ሲሸመግል አላየሁትም ነበር። አገር ቤት ድንኳን ጥለን ስናለቅስ ጮኼ አልቅሻለሁ፣ እዚያ ግን በጓንቴ ፎቶውን ጠረግሁ። «መጣሁ ግርማ» አልኩት። ዕንባዬ ጉንጬ ጋ ሳይደርስ ሽፋሽፍቴ ላይ በረዶ ሆነ፤ ዓይኔን ልጨፍን ብል ተያያዘብኝ። ሊዳ ጓንቷን አውልቃ በመዳፏ እስኪቀልጥ ድረስ ዓይኔን ሸፈነችልኝ።

ቤት ስንደርስ የሊዳ እናት ጉልናር በር ላይ ቆማ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛችም። ልጇን አቅፋ አልለቅም አለች። ከዚያ ወደ እኔ መጣች። የጋራ ቋንቋ የለንም። የባሏን ወንድም ፊት ለረጅም ጊዜ አየች፣ የካፖርቴን ኮሌታ አስተካከለችልኝ፣ እጄን ይዛ አስገባችኝ። የሠርግ ቀን ነውና ሁለታችንም አላለቀስንም።

ሽኝቱ ከታሰበው ሰዓት ትንሽ ብቻ ነው የዘገየው። አዳራሹ በሰው ሞልቷል፣ ጠረጴዛው ላይ መዳፍ የምታህል ባዶ ቦታ አልነበረም። የሙሽራው ወገን በአንድ በኩል፣ እኛ በሌላ። ዳውሬን ከእሱ በላይ አስቀመጠኝ፤ የአባት ቦታ ነው አሉኝ። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ቆመው ሲመርቁ ሰው ሁሉ መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ ያዳምጣል። ተራው እኔ ጋ ደረሰ።

ሊዳ ልተርጉምልዎ አለችኝ። አይ አልኳት፣ ሙሽራ የራሷን ምርቃት አትተረጉምም። ብድግ ብዬ በአማርኛ መረቅኋት፣ አባታችን እኛን እንደመረቀን አድርጌ።

«እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ ያኑራችሁ።»

«አሜን» አለች ሊዳ ብቻዋን። አዳራሹ ፀጥ ብሎ ነበር።

«ቤታችሁ እህል አይጣ፣ ውኃ አይጣ።»

«አሜን።»

«የወለዳችሁት ይባረክ። ለአባትሽ ያልደረሰው ዕድሜ ለአንቺ ይሁን።»

ሊዳ ድምጿ ተቆረጠ። በዚያን ጊዜ ጉልናር ካጠገቧ ሆና «አውሚን» አለች። ዳውሬን ተቀበላት፣ ከእሱ በኋላ አዳራሹ በሙሉ። በእነሱም ቋንቋ አሜን ማለት አውሚን ነው፤ አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን እያንዳንዱን ቃል፣ ትርጉሙን አንዳቸው ሳያውቁ፣ ያ ሁሉ ሰው መዳፉን ዘርግቶ ተቀበለኝ። መጨረሻ ላይ ሁሉም እጁን በፊቱ ላይ አሳለፈ። እኔም እንደነሱ አሳለፍኩ፣ ከዚያም አማተብኩ።

ወደ መኪናው የምሸኛት እኔ ነኝ ተባለ። ከመውጣታችን በፊት ሊዳ ጠጋ ብላ ነገረችኝ። እዚህ አገር ሙሽራ ከአባቷ ቤት ስትወጣ ወደ ኋላ ዞራ አታይም፤ ካየች ሆዷ እዚያው ይቀራል ይባላል። «ስለዚህ ባልዞር እንዳይቀየሙኝ» አለችኝ።

ክንዷን ይዤ እስከ መኪናው አደረስኳት። ሙሽራው በሩን ከፍቶ ይጠብቃታል። ክንዴን ለቀቀችና ሄደች፤ ነጭ ቀሚሷ በረዶው ላይ ሲጎተት የት እንደሚያልቅ አይታወቅም ነበር። እኔ ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። ካፖርቴን አዳራሽ ውስጥ ትቼው እንደወጣሁ ያኔ ነው ያወቅሁት።

በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። አልዞረችም። ፊቷን ወደ መኪናው እንዳደረገች፣ በወንድሜ አማርኛ፣

«ጋሼ፣ ይግቡ፣ ይበርድዎታል» አለችኝ።